ከገጽ አሥራ አራት እስከ ሃያ አራት

እኔ የምንቃቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። «ሲስተም የለም» ብሎ ወረፋ ሙሉ ሰው የሚመልስ የቢሮ ሠራተኛ እንቃለሁ። ስብሰባ ላይ «ዲጂታል» የሚለውን ቃል እንደ ጨው የሚነሰንስ ሊቀመንበር እንቃለሁ። ከሁሉ በላይ የምንቀው ግን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስም በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ አራግፎ «ይኸው ሠራሁ» የሚል ፕሮግራመር ነበር። መርካቶ ውስጥ እንኳ ደንበኛ ጨርቅ ልይ ቢል መጋዘኑን አያራግፉበትም። ሦስት አራት ጣቃ ያወርዱለታል፤ ካልወደደ እነዚያን መልሰው ሌላ ሦስት አራት ያወርዱለታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህችን ታህል ሳይገባው የተመረቀ ሰው ስንት እንዳለ ባያችሁ።

እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ዌብ አፕሊኬሽን ስሠራ ዳታቤዙን «ሁሉንም አምጣ» አልለውም። «በስም ቅደም ተከተል ደርድርና የመጀመሪያዎቹን ሃያ ስጠኝ» እለዋለሁ። ሰው «ቀጣይ» የሚለውን ሲጫን ደግሞ «ሃያውን ዝለልና ቀጥሎ ያሉትን ሃያ ስጠኝ» እለዋለሁ። ዝርዝሩ እንዲህ እየተቆረጠ ገጽ በገጽ ይመጣል። አሮጌው ኮምፒውተር አይንቀራፈፍም፣ የሚያየውም ሰው አይደናገርም። ቀላል ነገር ነው። ቀላል ስለሆነም ሁለት ጊዜ አላሰብኩበትም።

ያኔ ቢሮአችን ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሲኒማ ራስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ምድር ቤቱ የፕላስቲክ ዕቃ በሚሸጥበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ነበር። ሥራውን ያመጣው አንድ የነጋዴዎች ማኅበር ነው። አባላቱ በቆርቆሮ ሱቆች ውስጥ ሲነግዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሱቆቹ ፈረሱና በቦታው ማኅበሩ የራሱን ሕንፃ አሠራ። ሕንፃው አለቀ፣ የቀረው ሱቆቹን በዕጣ ማደል ሆነ። ይሁንና በግንባታው ዓመታት አንዳንዱ ድርሻውን ሸጦ ሄዷል፣ አንዳንዱም ሞቶ ወራሽ ተተክቶለታል። ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ደንብ አወጣ። እያንዳንዱ አባል ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ጊዜ ማኅበሩ አዳራሽ ይመጣል፣ ስሙን በገዛ ዓይኑ ዝርዝሩ ላይ አግኝቶ ያሳያል፣ መታወቂያውን ያቀርባል፣ «ተገኝቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ስሙን ያላገኘ ሰው ቅዳሜ ዕጣው ውስጥ አይገባም፤ ሱቅም አያገኝም።

ከእኔ በፊት ዝርዝሩን የሚይዙት ከጎጃም የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጀርባው የተገነጠለና እንደገና በሲባጎ የተሰፋ ትልቅ መዝገብ ነበራቸው፤ እያንዳንዱ አባል በገባበት ተራ ቁጥር ተሰጥቶታል። መዝገቡን ታቅፈው አራቱን ፎቅ በእግራቸው ወጡ፣ እያለከለኩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ አቧራው ሻዬ ውስጥ ገባ።

«ልጄ፣ አደራሽን ቁጥሩን እንዳትተዪው» አሉኝ። «ስማቸው የሚመሳሰል ሰዎች ብዙ ናቸው።»

«ጋሼ፣ ሰው በቁጥር የሚጠራው እኮ እስር ቤት ነው» አልኳቸው።

አብሯቸው የመጣው የማኅበሩ ሊቀመንበር ከት ብሎ ሳቀ። ይህ ሊቀመንበር ሁለት ስልክ ይዞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያናግር ሰው ነው፤ ስሜን ለማወቅ አንድም ቀን ተጨንቆ አያውቅም፣ «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነበር የሚለኝ። ንቄዋለሁ። ሳቁ ግን ደስ አለኝ። ቁጥሩን ዳታቤዙ ውስጥ አስገባሁና ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ ደበቅሁት፤ ዓይን ያስቀይም ነበራ። ዝርዝሩን በሀ ሁ ተራ በስም ብቻ ደረደርኩ፣ ሃያ ሃያ አድርጌ ቆረጥኩት። አማረ።

እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ተከታይ ነው። በዚያ ማኅበር ውስጥ ደግሞ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንቱ በነቢዩ ስም የሚጠሩ ሞክሼዎች ናቸው። ከገጽ አሥራ አራት እስከ ገጽ ሃያ አራት ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ነው የሚነበበው። ገበያው ይህን ችግር ከዱሮ ጀምሮ በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ ባለ በርበሬው፣ ባለ ሳሙናው፣ ባለ ምንጣፉ ይላቸዋል እንጂ ማንም በስም አይጠራቸውም። እኔ ገጾቹን ሳያቸው ሳቄ ነው የመጣው።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ገጽ እየቀየረች ታሳያለች፣ ስሙን ያገኘ እጁን ያወጣል፣ እሷም «ተገኝቷል» የሚለውን ትጫናለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሰውን ዓይን አይ ነበር። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ፣ በጣታቸው ይከተላሉ፣ ገጽ ሲቀየርባቸው «ቆይ ቆይ!» ይላሉ። ያን ዕለት ስማችን የለም ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ። ማክሰኞ ተመልሰው መጡና አገኙት። «አያችሁ? ትናንት በደንብ አላያችሁም» አልኳቸው። እነሱም አፍረው ዓይናቸውን ረገሙ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ፣ ኩራዝና ሣጥን የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጣቶቻቸው በስለት ተቆራርጠው የዳኑ፣ የመነጽራቸው አንድ ክንድ በቀጭን ሽቦ የታሰረ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ከሁለት መቶ አሥራ ስምንቱ አንዱ ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ የለሁበትም» አሉኝ።

«ይኖራሉ ጋሼ። በደንብ አላዩም።»

«አሥራ አንዱንም ገጽ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እንደገና ይዩዋ» አልኳቸው።

እንደገና አዩ። ገጽ በተቀየረ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ያሰግጋሉ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና ወጡ። የመሰለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንበብ አይችሉም፣ ለመናገር አፍረዋል።

ረቡዕ ከመዝገብ ያዡ ጋር መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከስክሪኑ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎጃሜው ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ወሎዬው ለእያንዳንዱ ስም ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። በመሃል ሰው እየመጣ ያቋርጣቸዋል፤ ጸሐፊዋ መዝግባ ስታበቃ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። እኔ ለጸሐፊዋ በዓይኔ እየጠቀስኩ እስቅ ነበር። የሰርቨር ኪራይ ከፍለን፣ ኮድ ጽፈን፣ መጨረሻው በመቁጠሪያ!

ቆርቆሮ ሠሪው ተነሥተው መጡ። «ሁለት ዙርና ሃያ» አሉ። «ዘጠና ዘጠኝ ሁለቴ፣ ከዚያ ሃያ።»

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት» አልኩ። «በሲስተሙ ስንት አለ? ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ልክ ነው። የጎደለ ሰው የለም።»

«ቁጥሩስ ሞልቷል። ባለ ሳሙናው ግን ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ አንዴ አሥራ ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ አንዴ አሥራ ዘጠነኛው ላይ። እኔ አንዴም አልተጠራሁ።»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ሰው አይደግምም።»

«ወላሂ ተደግሟል፤ እሳቸውም ሰምተዋል። እስቲ በቁጥር ፈልጊኝ ልጄ። ሰማንያ ሰባት ነኝ።»

«በቁጥር መፈለግ ቀርቷል። ይቅርታ፣ ሥራ ይዣለሁ ጋሼ።»

የያዝኩትን ሥራ ልናገር። የ«ቀጣይ»ን ቁልፍ ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ እየቀየርኩ ነበር። ሰማንያ ሰባትን ዳታቤዙ ውስጥ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሽማግሌው በአንድ መቁጠሪያ የእኔን ስህተት ከነገጹ አግኝተው፣ እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የመቁጠሪያውን ኳኳታ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አዳራሽ ገብቷል፤ ቆርቆሮ ሠሪው ድርሻቸውን በድብቅ ሸጠው በልተዋል፣ አሁን ሕንፃው ሲያልቅ ሊመለሱ ይፈልጋሉ ተባለ። ከኋላ የተቀመጡት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ አንዳንዱም ይስቃል። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ።

«አልሸጥኩም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ከእናንተ ጋር በአንድ ረድፍ ቀጥቅጫለሁ። ስሜ ጠፋ ነው የምለው።»

መዝገብ ያዡ መዝገቡን ገልጠው ወደ ላይ አነሡ። «ሰማንያ ሰባት ቁጥር፣ ይኸው!»

«እሱ መዝገብ እኮ የሞተውንም የሸጠውንም ይዟል ጋሼ» አለ ሊቀመንበሩ። «አሁን ሲስተም አለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ የኮምፒውተሯ ልጅ ትንገረን። ሲስተሙ ሊሳሳት ይችላል?»

ሦስት መቶ የሚሆን ሰው፣ አብዛኛው ወንድ፣ ዞሮ አየኝ። ሥራው ሲጀመር «ሴት ልጅ ናት፣ ትችለዋለች?» ብለው በአለቃዬ ፊት የጠየቁ ሰዎች እዚያው መሃል ተቀምጠዋል። «አላውቅም፣ ልየው» ማለት አልፈለግሁም። እነሱ ፊት ሞቼ ነው እንደዚያ የምለው?

«ሲስተሙ አይሳሳትም» አልኩ። «ቁጥሩን ራሳቸው ቆጥረውታል፣ ልክ ነው ብለዋል። የሚሳሳት ሰው ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ልቤ አበጠ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሽማግሌው ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ተቀመጡ።

ዓርብ ከስግደት መልስ መጥተው አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ስክሪኑን ሲያዩ ዋሉ። እኔ ፊቴን አዙሬ ሻይ ጠጣሁ።

የዕጣው ሣጥን ከወር በፊት የታዘዘው ለእሳቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። አዲስ ቆርቆሮ፣ ከላይ እጅ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ያለው። እዚያው በር ላይ ለጸሐፊዋ አስረከቡ። «ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ፣ የሰው እጅ አይቆርጥም» አሏት። ጥበቃው ዝርዝሩን አየና እንዳይገቡ ከለከላቸው። አልተጨቃጨቁም። ደረጃው ሥር ቆመው፣ ከሣጥናቸው ውስጥ የሰው ስም እየወጣ በማይክሮፎን ሲጠራ ሰሙ። በየስሙ እልልታ አለ። ሞክሼዎቻቸው ሲጠሩ ቀና እያሉ እንደነበር ጸሐፊዋ በኋላ ነገረችኝ።

ሰኞ ሊቀመንበሩ የሁሉንም አባል ዝርዝር አትሜ እንዳመጣ አዘዘኝ። ለወረቀት ገጽ መቁረጥ ስለማያስፈልግ የማልወደውን አደረግሁ፤ ዳታቤዙን «ሁሉንም አምጣ» አልኩት። አመጣ። የነቢዩን ስም ተከትዬ ስወርድ ሰማንያ ሰባት ቁጥር አለ። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ ከጎኑ «አልተገኘም» የሚል።

ኮዴን ከፈትኩ፤ ጥፋቱን ለማየት አንድ መስመር ማንበብ በቃኝ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሰዎች ስማቸው አንድ ከሆነ «በስም ደርድር» ማለት ከመካከላቸው ማን እንደሚቀድም አይወስንም። እኔ ስላልነገርኩት ዳታቤዙ በጠየቅሁት ቁጥር እንደተመቸው ያሰልፋቸዋል። ጸሐፊዋ አንዱን «ተገኝቷል» ባለች ቁጥር ሰልፉ ይናጋል። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ የነበረ ሰው፣ እኛ አሥራ ስምንትን አልፈን ስንሄድ፣ ወደ አሥራ ስምንት ይመለሳል፤ ሌላው ከኋላችን ዞሮ ፊታችን ይመጣና ሁለተኛ ይጠራል። አንድ ሲደገም አንድ ይዘለላል፤ ድምሩ ሁልጊዜ ልክ ነው። የሰኞዎቹ ሰዎች ማክሰኞ የተገኙትም ዓይናቸው ስለበራ አልነበረም።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ስም ሲመሳሰል ለሰው ሁሉ አንድ ብቻ በሆነ ነገር ደርድር ማለት ነው። ያን የመሰለ ነገር ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ አቧራ የለበሰው የመዝገብ ቁጥር። እስር ቤት ነው ያልኩት። ከ«ስም» ቀጥሎ እሱን ጨመርኩ። ኮዱን ሳስቀምጥ ምን ለወጥሽ ለሚለው ጥያቄ «ጥቃቅን ማስተካከያ» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ድረስ እንደዚያው ተጽፎ አለ።

ዕጣው ግን ወጥቷል። የ«አልተገኙም» ሱቆች ለኮሚቴው ተመልሰው ሊቀመንበሩ ለሚያውቃቸው ሰዎች ተከራይተዋል። ሽማግሌው ጎጃም በረንዳ አካባቢ፣ የጋሪ ገፊዎች መተላለፊያ ላይ፣ ከአንድ መጋዘን ግድግዳ ጥግ ላስቲክ ወጥረው ይቀጠቅጣሉ። ሳምንት ሙሉ መንገድ እየቀየርኩ ስሸሽ ከርሜ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስምዎ ነበረ» አልኳቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሲስተሙ ተሳስቷል።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እሱንማ አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለእነሱ ንገሪያቸው። ሸጦ በላ እያሉኝ ነው። ሚስቴ ለቅሶ ቤት መቀመጥ አፍራለች። አዳራሹ ውስጥ እንደተናገርሽው፣ እዚያው ቆመሽ ንገሪያቸው። ሱቁንም የሚያስመልሰው እሱ ነው።»

«እሺ» አልኩ። «በሚቀጥለው ስብሰባ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ በፍሬም የተሠራ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። አለቃዬ ከፊት ወንበር ላይ ነበር፤ በግራና በቀኙ ያንኑ ሲስተም ሊገዙ የመጡ የሌላ ማኅበር ሊቃነመናብርት ተቀምጠዋል። ማይክሮፎኑ እጄ ውስጥ ነበር። የታተመው ዝርዝር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሰማንያ ሰባት ቁጥር በቀይ ተሰምሮበት። «አመሰግናለሁ» አልኩና ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ባለፍኩ ቁጥር ይጠይቁኛል። «ነገርሻቸው?» ይላሉ፣ መዶሻውን አየር ላይ ይዘው። «የሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ» እላለሁ። «አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሽ» ይላሉ፤ ከልባቸው ነው። አንዴ ስብሰባው ተራዝሟል አልኩ፣ አንዴ ሊቀመንበሩ የለም አልኩ፣ አንዴ አሞኝ ነበር አልኩ። ውሸቱን ያመኑኝ አይመስለኝም፤ እኔን ግን ያመኑኝ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንቀኝ ነበር።

ሁለት ወር ሲሞላ መጠየቃቸውን ተዉ። አልፋለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ያ ነው። መጀመሪያ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ቀናት ሲያልፉ ግን ዝምታቸው ከጥያቄው ይልቅ ይከብደኝ ጀመር። አንድ ቀን ራሴ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። በዚህኛው እርግጠኛ ነኝ፣ እነግራቸዋለሁ። እርስዎም ይምጡ።»

ቀና አላሉም። የዘይት ቆርቆሮውን ክዳን እየቆረጡ ነበር፤ መቀሱን ጠርዙን አስጨርሰው፣ የተቆረጠውን ወደ ውስጥ አጠፉት፣ በጣታቸው ዳበሱት።

«ሥራ ይዣለሁ ልጄ» አሉኝ።